የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኞች በራዲዮ፦ የማይረሳውን የሚያናግራቸው ደዋዩ ነው?

መነሻ ጽሑፍ

ክርክሬን ከፊት ላስቀምጠው። በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ በሚያዝበት የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ) አንጋፋ አሰልጣኞች በራዲዮ ከተናገሩት ውስጥ ሰው ዓመት ቆጥሮ የሚያነሳው አቅራቢ ጠይቆ ያገኘውን ሳይሆን ደዋይ ቆስቁሶ ያወጣውን ነው። ሳምንታዊው የአሰልጣኝ ፕሮግራም፣ ማለትም አሰልጣኙ የአድማጮችን ስልክ የሚቀበልበት የራዲዮ ዝግጅት፣ የአሰልጣኙ ቤት ነውና። ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲውን የስርጭት መብት የያዘ ድርጅት ነው፤ አቅራቢው በአብዛኛው ቅዳሜ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ያው ሰው ነው፤ በብዙ አሰልጣኞች ውል ላይም ከመነሻ ደመወዙ ተለይቶ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ሥራ የሚታሰብ ክፍያ አለ። በሰው ቤት ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ባለቤቱን የሚያፋጥጥ እንግዳ የለም። ደዋዩ ግን ቡና አልቀረበለትም።

ማስረጃዬ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ዳቦ ስዊኒ ነው። (ስሙ ለእኛ ጆሮ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሙ በልጅነቱ ያወጣለት ነው፤ የመዝገብ ስሙ ዊልያም ክሪስቶፈር ነው። ዳቦ የሚለው ራሱ የዳቦ ስም ነው ማለት ነው።) ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ቅዳሜ ኦክቶበር 28 ቀን 2023 ክሌምሰን በኖርዝ ካሮላይና ስቴት 24 ለ 17 ተሸነፈና አራት ድል በአራት ሽንፈት ላይ ቆመ። ሰኞ ኦክቶበር 30 ማታ፣ በራሱ ፕሮግራም ላይ፣ ከስፓርታንበርግ የደወለ አድማጭ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ እየተከፈለው ቡድኑ ለምን እዚህ እንደደረሰ ጠየቀው። በቀጥታ እንጀራው ላይ ነው የመጣበት። ስዊኒ አምስት ደቂቃ ገደማ መለሰለት፦ ከዝቅተኛ ደመወዝ ተነስቶ ለፍቶ እዚህ መድረሱን አስታወሰ፣ ደዋዩን የችግሩ አካል አደረገው፣ ከቡድኑ የሚጠበቀው ለቡድኑ ከሚሰጠው ምስጋና መብለጡ ነው በሽታው አለ። ይህን ጥያቄ አቅራቢው አለስልሶ ቢያቀርበው ኖሮ በየሳምንቱ መሻሻል አለብን የሚለውን የተለመደ መልስ ሰምተን ወደ ማስታወቂያ እንሄድ ነበር።

ይህ ጽሑፍ በመድረኩ ላይ ያስነሳው የውይይት ክር አራት ገጽ ስለሞላ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደክም ምላሾቹን በቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር፣ ከዚህ በታች አስፍሬአቸዋለሁ። ስድብ ብቻ የሆኑትን ትቻለሁ።

ምላሽ 1 — ትሁት ሰው ነው። ሰላምታ አስቀድሞ፣ በሐሳቡ ተስማምቶ፣ እኔ የዘለልኩትን ሞላ። ከዚያ ሰኞ በኋላ ክሌምሰን በዚያ ዓመት አልተሸነፈም። ኖቬምበር 4 ኖተርዳምን 31 ለ 23 ረታ፤ የቀሩትን ሦስት መደበኛ ጨዋታዎች ወሰደ፤ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የጌተር ቦውል ጨዋታ ኬንታኪን 38 ለ 35 አሸንፎ በ9 ድልና በ4 ሽንፈት ጨረሰ። ነገር ግን ደዋዩም ከንቱ አልተናገረም ሲል አከለበት፦ ከ2011 እስከ 2022 ለ12 ተከታታይ ዓመታት 10 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ ሲያሸንፍ የኖረ ቡድን ያን ዓመት ልማዱ ተቋርጦበታል።

ምላሽ 2 — የኦክላሆማ ስቴቱ ማይክ ገንዲ ዕድሜው 40 መሆኑን እየጠቀሰ የጮኸበትን ቁጣ አምጥቶ፣ ከራዲዮ ቃለ ምልልስ ሁሉ አንደኛው ይህ ነው አለ። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ሦስት የሳቅ ምልክት ብቻ።

ምላሽ 3 — ቁጥር 2ን አረመ፤ እርማቱም ደግ ነው። ያ የሆነው ሴፕቴምበር 22 ቀን 2007፣ ኦክላሆማ ስቴት ቴክሳስ ቴክን 49 ለ 45 ካሸነፈ በኋላ በጋዜጣዊ መግለጫ ክፍል ውስጥ ነው። የቁጣው ምክንያትም በአንድ ተጫዋቹ ላይ የተጻፈ የጋዜጣ ዓምድ ነበር። ራዲዮ ደጋግሞ አሰማው እንጂ ራዲዮ ላይ አልተነገረም። ልዩነቱን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት አለ፦ መግለጫ ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ጮኾ፣ ማይኩን ጥሎ መውጣት ይችላል። በራዲዮ ፕሮግራሙ ላይ ግን ከቁጣው በኋላ ገና 40 ደቂቃ ይቀረዋል፤ ቀጣዩን ደዋይ በሰላምታ መቀበል አለበት። የስዊኒ መልስ የከበደውም ለዚህ ነው። እግረ መንገዱንም፣ ያን ዕለት የተሸነፈው አሰልጣኝ ማይክ ሊች እንደነበረና እሱም በራሱ ተከላካዮች ላይ እሳት እንደተፋ፣ የተከላካይ ክፍሉ ኃላፊም በማግስቱ ሥራውን እንደለቀቀ አስታወሰ። የገንዲ ጩኸት ሸፈነበት እንጂ የዚያ ቀን ሁለተኛ ቁጣ ነበር።

ምላሽ 4 — የስርጭት ክፍል ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ደዋይ ዝም ብሎ አየር ላይ እንደማይወጣ አብራራ። ስልኩን የሚያነሳው ረዳት ስምን፣ ከተማንና ጥያቄውን በአንድ መስመር ተቀብሎ አቅራቢው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይጽፋል፤ ደዋዮች ሁሌም በስምና በከተማ የሚጠሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ የከረረ ጥያቄ አየር ላይ ከደረሰ፣ ወይ ደዋዩ ለረዳቱ ሌላ ጥያቄ ነግሮታል፣ ወይ ረዳቱ አውቆ አሳልፎታል። በእሱ ግምት ሁለተኛው ብዙዎች ከሚያስቡት ይበዛል።

ቀጥሎ ስለ ማዘግያው ጻፈ። መሣሪያው ድምፁን ከ7 እስከ 10 ሰከንድ ይዞ ያቆያል። ጸያፍ ቃል ሲወጣ ኦፕሬተሩ ቁልፉን ይጫናል፤ የተጠራቀመው ሰከንድ ይጣልና አድማጩ በቀጥታ አሁን ላይ ይደርሳል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፦ ጎተራው ባዶ ሆኗል። መሣሪያው ንግግሩን ጆሮ በማይለየው መጠን እየጎተተ እስኪሞላ ድረስ ሁለተኛ ስድብ ቢመጣ የሚይዘው የለም። ቁልፉን ዘግይቶ የተጫነ ደግሞ ስድቡን አሳልፎ መልሱን ይቆርጣል። ፕሮግራሙ ምግብ ቤት ውስጥ በሕዝብ ፊት ሲሆን (ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው፤ የአላባማው ኒክ ሳባንም በተስከሉሳ ሐሙስ ማታ በምግብ ቤት ነበር የሚቀመጠው) የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ከማዘግያው በፊት ስለሚያያዝ፣ የዶሮ ክንፍ እየበላ ያለው ደንበኛ የሚሰማውን የራዲዮ አድማጭ ላይሰማው ይችላል።

ምላሽ 5 እና 6 — አምስተኛው ከርዕሱ ትንሽ ወጥቶ፣ አዲስ አበባም ሆነ አላባማ ደዋይ ሁሉ ራዲዮዎን ቀንሱ የሚባለው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 4 ተመልሶ በ6 መለሰ። ደዋዩ በስልኩ የሚሰማው የአሁኑን ነው፤ አጠገቡ ያለው ራዲዮ የሚያሰማው ግን ከሰከንዶች በፊት የተባለውን። ሁለቱ ጆሮው ውስጥ ሲጋጩ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ያቅተዋል። ሁለተኛ ስህተት ከስቱዲዮው በኩል ይመጣል፦ ወደ ደዋዩ የሚላከው ድምፅ የራሱ ድምፅ የተቀነሰለት መሆን አለበት። ኦፕሬተሩ ረስቶ ሙሉውን ቅልቅል ከላከለት ደዋዩ የራሱን ቃል እየሰማ ይንተባተባል፤ አድማጩም አሰልጣኙን ፈርቶ ይመስለዋል።

ምላሽ 7 — ድምፀቱ እዚህ ላይ ተለወጠ። መነሻ ጽሑፌን ለማስታወቂያ የተጻፈ ይመስላል ብሎ ጀመረ። ሳባንን እንዴት ትረሳለህ አለኝ። ሜይ 18 ቀን 2022 ሳባን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾቹን በገንዘብ ገዝቷል አለ፤ በማግስቱ ጠዋት የኤ ኤንድ ኤሙ ጂምቦ ፊሸር መግለጫ ጠርቶ ስሙን አብጠለጠለው፤ በዚያው ቀን ሳባን በሳተላይት ራዲዮ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ግን ዩኒቨርሲቲዎችን በስም በመጥራቱ ነበር፤ በተጫዋቾች ክፍያ ላይ ያለውን ተቃውሞ አልተወም። እዚያ ውስጥ አንድም ደዋይ የለም፤ ልምድ ያላቸው አቅራቢዎችና ለመናገር ፈልጎ የመጣ አሰልጣኝ ናቸው። ክርክርህ እዚህ ላይ ፈረሰ፣ ብሎ ዘጋ።

ምላሽ 8 — የሰባተኛውን ጥቅስ ሳይሆን ትርጉሙን ተቸ። ነገሩን የጀመረው ንግግር በርሚንግሃም ውስጥ በአንድ ዝግጅት ላይ፣ በነጋዴዎች ፊት የተደረገ ነው፤ ራዲዮው የእሳት ማጥፊያ ሆኖ ነው የመጣው። ፊሸር ከ2000 ጀምሮ በሉዊዚያና ስቴት የሳባን የአጥቂ ክፍል ኃላፊ እንደነበር ያላወቀ ሰው ንዴቱ ለምን ያን ያህል እንደመረረ አይገባውም አለ። ከዚያም ወደ ሜዳ ሄደ፦ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 8 ሲገናኙ አላባማ 24 ለ 20 አሸነፈ። ፊሸር በኖቬምበር 2023 ሲሰናበት የሚከፈለው ገንዘብ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑንም ጨመረ፤ ከርዕሱ ጋር ምን እንዳገናኘው ግን አልነገረንም።

ምላሽ 9 — ወደ ማይክ ሊች ወሰደን፤ በክሩ ውስጥ በፍቅር የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። ሊች በኮሌጅ ራግቢ እንጂ ፉትቦል አልተጫወተም፤ የሕግ ዲግሪ ነበረው፤ በቴክሳስ ቴክ፣ በዋሽንግተን ስቴትና በሚሲሲፒ ስቴት ዋና አሰልጣኝ ሆኖ፣ በመጨረሻው ሥራው ላይ እያለ ዲሴምበር 12 ቀን 2022 በ61 ዓመቱ አረፈ። ስለ ሠርግ ዝግጅት፣ ስለ ከረሜላ፣ የቡድኖች መለያ እንስሳት ቢዋጉ ማን እንደሚያሸንፍ ሲጠየቅ ልክ እንደ ጨዋታ ፊልም እየተነተነ ይመልስ ነበር፦ ማን መሣሪያ አለው፣ ማን ፈጣን ነው፣ ውጊያው የት ነው። ጸሐፊው ለአቅራቢዎች የሰጠው ምክር ተግባራዊ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በፉትቦል አትጀምሩት፤ ከጨዋታ ውጭ በሆነ፣ ግን ሊተነተን በሚችል ጥያቄ ጀምሩት፤ ከሞቀ በኋላ ስለ አራተኛ ሙከራ ውሳኔው (10 ያርድ ለመግፋት በቀረችው የመጨረሻ ዕድል ይሞክር ወይስ ኳሱን ይልቀቅ) ጠይቁት፤ ያኔ የተለማመደውን መልስ ረስቶታል። በመሃል አትሳቁ፤ ሳቅ ካለ እየቀለደ መሆኑን ያስታውስና ያሳጥረዋል።

ምላሽ 10 — ይህን ሁሉ ወሬ ብሎ ጣለው። ቁጥር አቀረበ፦ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አራት እረፍት ከወጣለት የሚቀረው ወደ 45 ደቂቃ ነው። አንድ መልስ 8 ደቂቃ ከወሰደ፣ መስመር ላይ ከሚጠብቁት ስድስት ደዋዮች ቢያንስ ሁለቱ ስልካቸውን ዘግተው ይሄዳሉ፤ የቀሩትም ይቸኩላሉ። ስለ እንስሳት ውጊያ የሚፈልግ ሰው ሌላ ጣቢያ ይፈልግ።

ምላሽ 11 — ከቁጥር 7 በቀር እስከ 9 ድረስ ሁሉም «እርስዎ» ሲባባል ነበር፤ እዚህ ላይ «አንተ» ሆነ። አስራ አንደኛው፣ አስረኛውን ሰዓት ቆጣሪ ብሎ ጠራው። ከስድስት ደዋዮች አምስቱ ሁለተኛው አቀባይ (ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ተጠባባቂ) ለምን አይጫወትም ብለው ነው የሚጠይቁት፤ ያንን ማን ያስታውሳል አለ። መልስ መጣበት፣ መልሱም መልስ ወለደ፤ ዘልያቸዋለሁ።

ምላሽ 12 — ከሁሉም የጠቀመኝ። አንጋፋ አሰልጣኝ ለምን ባዶ መልስ እንደሚሰጥ ከጠያቂው ጥፋት ተነስቶ አስረዳ። አንደኛው ጥፋት ጥያቄ ያልሆነ ጥያቄ ነው፦ ስለ ተከላካዮቻችሁ ቢነግሩን ማለት። አሰልጣኙ እንዲናገር ተጋበዘ እንጂ አልተጠየቀም፤ ስለዚህ ልጆቹን አመስግኖ ያልፋል። ሁለተኛው መንታ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ነገር ከጠየቅከው ቀላሉን መርጦ ይመልሳል፣ ከባዱን ደግሞ ሰዓት ይበላዋል። ሦስተኛው ስህተት ያለበት አኃዝ ይዞ መግባት፦ አሰልጣኙ ቁጥሩን ያርምና ጥያቄው ሞተ። አራተኛው «ቢሆንስ» ነው። ሳባን በመላምት ጥያቄ እንደሚቆጣ የታወቀ ነው፤ ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ ከሰባት ዋንጫ በኋላም፣ ይህን የረሳ ጋዜጠኛ አልጠፋም።

የሚሠራው ምንድን ነው? የታየ አንድ ነገር፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር። በሦስተኛው ሩብ በሦስተኛ ሙከራ ላይ፣ ሁለት ያርድ ቀርቶህ ለምን ወረወርክ? ከዚያ ዝምታ። ሦስት ሰከንድ በራዲዮ ላይ ዘላለም ይመስላል፤ አዲስ አቅራቢ አይችለውምና ራሱ ይሞላዋል፣ አሰልጣኙንም ያስመልጠዋል። የቆየው አቅራቢ ዝም ይላል፤ አሰልጣኙም ባዶውን ለመሙላት ሁለተኛውን፣ እውነተኛውን መልስ ይጨምራል። በእረፍት ሰዓት የሜዳ ዳር ቃለ ምልልስ ላይ ግን ይህ አይሠራም አለ፤ ያለው 30 ወይም 40 ሰከንድ ስለሆነ አሰልጣኙ በዝምታው መሃል ወደ መልበሻ ክፍል ይሮጣል።

ምላሽ 13 — የድሮዎቹ ቅጂ ለምን እንደማይሰማ አነሳ። የአላባማው ፖል «ቤር» ብራያንት ከሆዱ የሚወጣ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ነበረው። የድሮ ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ የወንድ ወፍራም ድምፅ መሠረት ግን ወደ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ በስልክ የተቀዳ ብራያንት ግማሽ ብራያንት ነው፤ በኋላ ወፍራሙን ድምፅ ከፍ በማድረግ አይመለስም፣ መጀመሪያውኑ አልተቀዳምና። በምግብ ቤት ለሚቀርብ አሰልጣኝም ከጆሮ ማዳመጫው ጋር የተያያዘ ማይክ እንጂ የጠረጴዛ ማይክ እንዳይሰጡት መከረ። ሽማግሌ አሰልጣኝ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ወደ ሕዝቡ ይዞራል፣ ጠረጴዛ ይመታል። የጠረጴዛ ማይክ ግድ ከሆነ ከአፉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በሁለት ማይኮች መካከል ያለው ርቀትም ከአፍ እስከ ማይክ ያለው ሦስት እጥፍ ይሁን፣ አለዚያ ሁለቱ አንድን ድምፅ ይዘው ቆርቆሮ ያስመስሉታል። ማጉያዎቹ ከማይኮቹ ፊት ለፊት፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቁሙ፤ ያለዚያ ፉጨቱን የሚያቆመው የለም።

ምላሽ 14 — አንድ መስመር፦ የብራያንት ዝነኛው የእሁድ ፕሮግራም ቴሌቪዥን እንጂ ራዲዮ አልነበረም። አስራ ሦስተኛው አመስግኖ ተቀበለ፤ በዚህ ክር ውስጥ እርማት በምስጋና የተቀበለ ብቸኛው ሰው ነው።

ምላሽ 15፣ 16 እና 17 — ጨዋታው በራዲዮ የገባው ኦክቶበር 8 ቀን 1921 በፒትስበርግ፣ ፒት ዌስት ቨርጂኒያን 21 ለ 13 ሲያሸንፍ መሆኑን የጻፈው ሰው ጥሩ ጀምሮ ነበር። ግን «የአሜሪካ እግር ኳስ» ብሎ ጻፈውና ክሩ ተቃጠለ። አንዱ በእጅ የሚያዝ ነገር እግር ኳስ አይባልም አለ፤ ሌላው ለአገር ቤት አንባቢ ፉትቦል ማለት ራሱ እግር ኳስ ነው፣ ታደናግራላችሁ አለ። ታችዳውን የሚባለው የነጥብ አገባብ በአማርኛ ምን ይባል እስከሚለው ደርሰው ነበር። አወያዩ ለብቻው ክር ከፍቶላቸው ወደዚያ አዛወራቸው።

ምላሽ 18 — ገንዲን መልሶ አመጣው፤ አሁን ግን በትክክል ራዲዮ ላይ። በሴፕቴምበር 2025 መጀመሪያ፣ ቡድኑ ወደ ኦሪገን ከመሄዱ በፊት፣ ገንዲ በሳምንታዊ ፕሮግራሙ ላይ ኦሪገን ለተጫዋቾች ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን እንደሚገምት፣ የእነሱ ደግሞ በሦስት ዓመት ወደ 7 ሚሊዮን መሆኑን ተናገረ። የኦሪገኑ ዳን ላኒንግ ማሸነፍ የፈለገ ገንዘቡን ያውጣ የሚል መልስ ሰጠ። ሴፕቴምበር 6 ውጤቱ 69 ለ 3 ሆነ። ገንዲ በሴፕቴምበር 19 በሜዳው በተልሳ 19 ለ 12 ተሸነፈ፤ ሴፕቴምበር 23፣ በ21ኛ የውድድር ዘመኑ፣ ከ170 ድል በኋላ ተሰናበተ። ጸሐፊው ለእኔ ያቀረበው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ያን ንግግር ከሰውዬው አፍ ማን ጎትቶ አወጣው? ቤቱ ውስጥ መሆኑ ነው። የራሱ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው እንግዳ ሳያፋጥጠውም ያመልጠዋል።

ምላሽ 19 — አስራ ስምንተኛውን ደግፎ፣ የስዊኒም መልስ ቢሆን አምስት ደቂቃ የሄደው አቅራቢው ጣልቃ ስላልገባ ነው አለ። ማስታወቂያ ማስገባት ይችል ነበር፤ አላስገባም።

ይህን አስቤበት አላውቅም ነበር። ርዕሱን በማግስቱ አስተካከልኩት፤ መጀመሪያ ስለጥፈው በአራት ነጥብ ነበር ያለቀው፣ አሁን የምታዩት የጥያቄ ምልክት የ18 እና የ19 ነው።